ፀሐይ ላይ የተሰጣ የባትሪ ድንጋይ

ትናንት ንፋስ መውጫ ገበያ አንድ ሽማግሌ ሱቁ ደጃፍ ላይ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ በሚዞርበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አያለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። አንዱን አንሥቼ አሸተትሁት፤ ያው የጋለ ቆርቆሮና የዝገት ሽታ ነው። እንዳትስቅብኝ እንጂ እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

ድንጋይ ማሞቅ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ይነቃና ራዲዮኑ አንድ ሁለት ዘፈን ይሰጣል። ዘፈን ካልሁ ደግሞ ለሱ የሚጣል ዘፈን አልነበረም። እዚያው አገራችን ካለችው ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲማር ቆይቶ ስለመጣ ማለዳ በግዕዝ ዜማ ይነሣል። አውድማ ላይ ዋሽንት ይነፋል። ከሱዳን ጣቢያ የሚመጣውን ቃሉን ሳያውቅ ያንጎራጉራል። ሠርግ ቤት ሽለላ ሲሰማ ዱላ ይዞ ይዘላል፣ በጾም በገና ሲሰማ ደግሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የኔታ "አንተ ልጅ፣ ጆሮህ ሃይማኖት የለውም" ብለውት ነበር። እሱ ይህን እንደ ምርቃት ያወራው ነበር።

አባዬ ግን ዘፈን አይወድም። ለድቁና ያስተማረው ልጁ ማሲንቆ ገዝቶ የመጣ ቀን ማሲንቆውን ጀርባው ላይ ሰበረበት። እንጨቱ ሲሰነጠቅ፣ ጭራው ሲበጠስ ያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ወንድሜ ሸሚዙ በደም ርሶ ወደኔ መጣና "ስትሰበርም ታዜማለች" አለኝ። አባዬን ያን ቀን ጠላሁት።

ከዚያ የአፈሳው ዘመን መጣ። ካድሬና ሚሊሺያ ከገበያውም ከቤተ ክርስቲያን ደጅም ጎረምሳ እየለቀሙ ወደ ጦር ሜዳ ይሰዱ ጀመር። የጎረቤታችን ልጅ ሲሸሽ እግሩን በጥይት ተመትቶ፣ እንደዚያው እያነከሰ ተወሰደ። ያው ማሲንቆ የሰበረው አባዬ ወንድሜን ገደል ሥር ካለ ዋሻ ደበቀው። እንጀራ የማደርሰው እኔ ነበርሁ፤ እሱ ግን ከእንጀራው በፊት የሚጠይቀኝ ይዞት ለገባው ራዲዮ የሞቀ ድንጋይ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የኪነት ቡድን ገበያ ላይ ሊጫወት ነው ተባለ። ጊታር አለው፣ ሳክስፎን አለው አሉ። ወንድሜ ሳክስፎን በራዲዮ ከመስማት በቀር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አባዬ ወጥመድ ነው፣ አትሂድ ብሎ ለመነው፣ ዱላም አነሣ። ወንድሜ ከቦታው አልተነቃነቀም።

"አባዬ፣ እዚህ ዋሻ ውስጥማ ሞቻለሁ። አንድ ጊዜ ልየው" አለው።

አባዬ ዱላውን ጣለ። ቄስና ሽማግሌ አይነኩም ይባል ስለነበር፣ በዋሻው ጢሙ ያደገውን ልጁን ጥምጣም አስጠመጠመው፣ መስቀል አስያዘው፤ ሦስታችንም ሄድን።

ሳክስፎኑ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቅ ነበር። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች ገበያውን ከበቡት። ሴቶች ጮኹ፣ የጠላ ጋን ተሰበረ፣ በርበሬና ጭቃ ተደባለቀ፤ የሮጠ ሁሉ በሰደፍ ተደበደበ። የኪነት ቡድኑ እንዳያቆም ታዞ ነበር መሰለኝ፣ ከዋይታው በላይ እየጮኸ ይጫወታል። ቄሶችን ግን እውነትም እየለዩ ያሳልፏቸው ነበር። ከነሱ ጋር ተሰለፍን። ልንወጣ ጥቂት ሲቀረን ቡድኑ ያገራችንን እስክስታ ጀመረ።

የወንድሜ ትከሻ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ነው፤ እሱም ያወቀው አይመስለኝም።

"አባ፣ ትከሻዎን ምን ነካው?" አለ አንዱ ሚሊሺያ እየሳቀ፣ ጥምጣሙንም ገፈፈው።

ግንባሩን በሰደፍ መታው፤ ነጠላው በደም ቀላ። አባዬ ዘሎ የሚሊሺያውን ጉሮሮ አነቀ። ተረባርበው መሬት ላይ ጥለው ረገጡት፤ ጎድኑ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ ይህን አይቶ አቆመ፤ በጥፊ መቱትና ቀጠለ። ወንድሜን እጅና እግሩን ይዘው ኦራል ላይ ወረወሩት። መኪናው ሲነሣ ዓይኑ እኛን ይፈልግ ነበር፤ ደሙ ጋርዶት አላየንም። ዛሬም ያ ምት ሠርግ ቤት ሲነሣ ተነሥቼ እወጣለሁ። ኩሩ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ።

መንግሥቱ ወደቀ፣ ሌሎች ተመለሱ፣ ወንድሜ ግን አልተመለሰም። አባዬ ጎድኑን እንደያዘ በየማለዳው እየወጣ ድንጋዮቹን ደጅ ያሰጣ ጀመር፤ ልጁ ሲመጣ ራዲዮኑ ሞቶ እንዳያገኘው ነው። ዜናው አልቆ ዘፈን ሲገባ እኔ እሱን ፈርቼ እዘጋው ነበር። አንድ ቀን ልዘጋ ስል እጄን ያዘኝ።

"የትኛውን ነበር የሚወደው?" አለኝ።

"ሁሉንም" አልሁት።

እጄን ከራዲዮኑ ላይ አነሣው።

"እንግዲያ አትዝጊው" አለኝ።