የማይረባው ጨዋታ

ከሰዓት፣ ሙቀቱ መጋላ ሰፈርን ጭር ሲያደርገው፣ ቱታ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ፊርዶስ ወደምትሠራበት ፕሌይስቴሽን ቤት ይመጣል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሰው ጨዋታ ይተቻል። «አሁን ይሄ በረኛ ነው ግንድ? ደጋፊውስ ቢሆን ካርቶን!»

ወንበር ሲለቀቅለት ግን ሁሌም ያንኑ አሮጌ የመኪና ውድድር ያስከፍታታል። «ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው፤ መኪናው ግድግዳ ሰንጥቆ ያልፋል» ይላታል። ደግሞም አይጫወተውም። የውጤት ሰንጠረዡን ከፍቶ ሲያይ ይቆያል፦ አንደኛ «ኢዲል»፣ ሁለተኛ «አባ»።

ዛሬ ማሽኑ ላይ ለአዳዲሶቹ ጨዋታዎች ቦታ ጠበባትና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ላጥፋው? ከእርስዎ ሌላ የሚከፍተው የለም እኮ» አለችው።

ጆይስቲኩን በመሐረቡ ጠርጎ አስቀመጠው።

«አይረባም፤ ግን ተይው። ልጄ ከሄደችበት ስትመለስ፣ መሸነፌን ልደብቅ ብዬ ያጠፋሁት ይመስላታል።»