እንቅልፌን የጠበቀው መምህር

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር ጅጅጋ ውስጥ የማልተኛበት ቦታ አልነበረም። ክፍል ውስጥ እተኛለሁ። የውሃ ቦቴ ስንጠብቅ ጀሪካኔ ላይ ተቀምጬ እተኛለሁ። የቀበሌ ስብሰባማ አይነሳ። ሶማሊዎቹ የክፍል ጓደኞቼ «ሁርዶ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ በቋንቋቸው እንቅልፍ ማለት ነው። እነሱን አልጠላኋቸውም። የጠላሁት የሂሳብ መምህራችንን ነው፤ ዛሬም እጠላዋለሁ።

እዚያ ከተማ ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ሌሊቱን ጫት ሲቅም አድሯል ይባላል፤ ሌላ ምክንያት የሚፈልግለት የለም። መምህሩ ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ ቢሆንም ይህቺን ቶሎ ተማራት። ራሱ ከሰዓት በኋላ ጉንጩን ወጥሮ የሚገባ ሰውዬ! አንድ ቀን ዴስኬን በጡጫ ደልቆ ቀሰቀሰኝና፣

«ባርጫው የት ነበር? ካምፕ?» አለኝ።

ባርጫ የጫት ቅሚያው ነው፤ ካምፕ ሲል ደግሞ ከወታደሮቹ ጋር ማለቱ ነው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልመልስለት ብድግ አልኩ። ንዴቱ ገና ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ ጉልበቴ እንደ ጨርቅ ታጠፈና ወለሉ ላይ ተዘረፈጥኩ። ሁሉን እሰማለሁ፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«አያችሁ? ምርቃናው ገና አልለቀቃትም» አለ።

በዚያው ሳምንት የዲሲፕሊን ኮሚቴውን ሰብስቦ ማትሪክ እንዳልፈተን አስወሰነብኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰልባጅ ተራ ልብስ የምትሸጠው እናቴ ጋ ደረሰ። ቤት ስገባ አልሰደበችኝም፣ አልመታችኝም። «አፍሽን ክፈቺ» አለችና አሸተተችኝ። የገዛ እናቴ። ሌላውን ሁሉ ልረሳለት እችል ይሆናል፤ ይህቺን አልረሳለትም።

ያዳነችኝ ጎረቤታችን ጫት ሻጯ ናት። እናቴን በአጥር ላይ ጠርታ ጮኸችባት።

«ወላሂ ይቺ ልጅ ከእኔ አንድ እንጨት ገዝታ አታውቅም! የሰፈሩ ቃሚ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው፣ እሷን ብቻ እንዴት አጣኋት? ሐኪም ውሰጃት እንጂ፣ አባዮ፣ እህቴ!»

እናቴ ሐረር ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ብዙ አልነካካኝም፣ ጠየቀኝ።

«ስትስቂ ወይም ስትናደጂ ጉልበትሽ ይከዳሻል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ስትነቂስ፣ አይንሽ ተገልጦ መንቀሳቀስ ያቅትሻል?»

«ዱካክ ነዋ!» አለች እናቴ።

«ዱካክ አይደለም እናቴ። ናርኮሌፕሲ ይባላል።»

እንዲህ አስረዳን። በሽታው ያለው አእምሮ ውስጥ ነው፤ እንቅልፍንና ንቃትን የሚለየው አጥር ፈርሷል። ሰው ሲያልም ሰውነቱ እንዳይወራጭ ይታሰራል፤ የእኔ እስራት ግን ሳልተኛ፣ በሳቅና በንዴት መሃል ይመጣል። አይድንም፤ ግን ይያዛል። የሚያነቃ ኪኒን አለ፤ እሱም አዲስ አበባ ከተገኘ ነው። እስከዚያው ማታ በሰዓቴ ልተኛ፣ ቀን ደግሞ እንቅልፉ ሳይጥለኝ ቀድሜው ሩብ ሰዓት ልተኛ። ጫት እንዳልሞክር፣ ሳቅ ሲመጣ እንድቀመጥ ነገረኝ። እናቴ እዚያው አቀርቅራ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። መምህሩን እያሰብኩ ነበር።

የሐኪሙን ወረቀት ይዘን ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባን። መምህሩም ተጠርቶ መጣ። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ ወረቀት የማይገዛበት አገር የት አለ? ሳቅ ይጥላታል አሉ! እኔንም ደመወዜ ይጥለኛል።»

«እንግዲያው ያስቁኛ፣ ቲቸር» አልኩት ቆሜ። «ክፍል ውስጥ ያውቁበት የለ?»

ጀመረ። ስለ ቃሚ ቀለደ፣ ስለ እንቅልፋም ቀለደ፣ የእኔን አነጋገር አስመሰለ። ማንም አልሳቀም። ዳይሬክተሩ እንደ ዳኛ አፍጥጦ ያየዋል፤ እሱ ያልበዋል፤ እንደገና ይጀምራል። ያ ላብ ነው ያሳቀኝ። አገጬ ወረደ፣ አንገቴ ተቀነጠሰ፣ ሲሚንቶው ላይ ወደቅሁ። እንዴት ያለ ጣፋጭ አወዳደቅ ነበር!

«ተዋናይት ናት!» ሲል ሰማሁት።

ዳይሬክተሩ ተንበርክኮ እጄን አነሳና ለቀቀው። ጧ ብሎ ወደቀ። ሌላውንም አነሳ፣ ወደቀ።

«ይሄ ትወና ነው?» አለ።

ሰውነቴ ሲመለስልኝ ዳይሬክተሩ ምን እንዲደረግልኝ ጠየቀኝ።

«ልፈተን። በጠዋቱና በከሰዓቱ ፈተና መሃል ልተኛ። የሚጠብቀኝና የሚቀሰቅሰኝ ደግሞ እሳቸው ይሁኑ።»

እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ዳይሬክተሩ ግን ተስማማ።

ፈተናው ደረሰ። ከሰዓት የሚጠብቀን ሂሳብ ነበር። በምሳ ሰዓት ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ገጥሜ ተጋደምኩ። እሱ ሰዓቱን እያየ በር ላይ ቆመ፤ ግቢው በሙሉ አየው። ሶማሊዎቹ ልጆች «ቲቸር፣ ዘበኝነት ተቀጠሩ እንዴ?» እያሉ ሲያልፉ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በመሃል ድምፁ ቀሰቀሰኝ። ራሱን በበሩ አስገብቷል።

«ስሚ... ያን ጊዜ የተናገርኩት... አላወቅሁም ነበር። እናትሽንም ይቅርታ...»

ግንባሩ ላይ ቢሮው ውስጥ ያየሁት ላብ አለ። በዚህ ጊዜ አላሳቀኝም።

«ሰዓቴ አልቋል?» አልኩት።

«አላለቀም። ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል።»

«እንግዲያው ለምን ቀሰቀሱኝ? በሩን ይዝጉልኝ።»

ዘጋው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና የቀረችኝን እንቅልፍ እስከ መጨረሻዋ ተኛኋት።