ጭማቂው ውስጥ የጨመርኩት

ባሌ ክኒን አይወድም። የካንሰር ሕክምና ሲጀምር፣ ሆስፒታል በደም ሥሬ የሚንጠለጠልልኝን መድኃኒት ከቻልኩ ይበቃኛል አለ። እኔ ደግሞ አርፌ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም። መገናኛ ከምሠራበት ቢሮ ሥር ካለ ሱቅ የቫይታሚን ሲ ክኒን እና አንቲኦክሲዳንት የሚሉትን፣ ሰውነትን ከጉዳት ይጠብቃል የሚባል ዱቄት ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ብርቱካን እየጨመቅኩ፣ ክኒኑን ወቅጬ፣ ዱቄቱን አክዬ እበጠብጥለታለሁ። ፊቱን ወደ እንጦጦ አዙሮ በረንዳ ላይ ሲጠጣ ከበሩ ኋላ አየዋለሁ፤ ብልጠቴ ያስደስተኝ ነበር።

ሐኪሙ "ከእኛ መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?" ሲለው "ምንም" አለ፣ ከልቡ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም "ምንም" አልኩ። ቫይታሚን መድኃኒት ነው እንዴ?

ከወራት በኋላ እብጠቱ የታሰበውን ያህል አልቀነሰም ተባለና መድኃኒቱ ተቀየረ። አዲሱ ጣቶቹን አደነዘዘበት። ወሰን ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ያኔ ነው ነርሷን ለብቻዋ ስለ ቫይታሚኑና ስለ ዱቄቱ የጠየቅኳት።

"በብዛት ሲወሰድ ካንሰሩንም ከመድኃኒቱ ሊጠብቀው ይችላል ይባላል" አለችኝ። "የእሱ ግን በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ማንም ሊነግርሽ አይችልም።"

ጥፋተኛ ነሽ ብትለኝ አልቅሼ በወጣልኝ። ክኒኑንም ዱቄቱንም ሽንት ቤት ደፋሁት፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ሕክምናው ሲያልቅ ባሌ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ቆመ። "ከጌታ ቀጥሎ ሚስቴን አመሰግናለሁ፤ አንድ ቀን እንኳን ጭማቂዬን አላጓደለችም" አለ። ጉባኤው አጨበጨበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስንወጣ አንዲት እኅት አስቆመችን። ባሏ በዚያው ሳምንት ሕክምና ጀምሯል። ከቦርሳዋ የቫይታሚን ብልቃጥ አወጣች።

"ክኒን እምቢ ብሎኛል። እኔም ሳልነግረው በጭማቂ ልስጠው ብዬ ነው።"

"ተይው" አልኳት።

"ምን ችግር አለው? ቫይታሚን እኮ ነው!"

ባሌ አጠገቤ ቆሟል።

"ሐኪሙን ሳትጠይቂ እንዳታደርጊው። እኔ አድርጌዋለሁ።"

ቤት ስንገባ "ስንት ቀን?" አለኝ።

"ጣቶችህ እስኪደነዝዙ፣ በየቀኑ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። አልተጣላንም፣ አልተለያየንም። ይስቃል፣ ያጫውተኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ አብረን እንሄዳለን። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ውሃ እንኳን ስሰጠው መጀመሪያ ያሸተዋል።