ሰባት ቤት የቆጠረው ሰላይ

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈራችን፣ ከሕንፃችን ጀርባ፣ ጎረቤታችን አባባ ተሻለ በከሰል በቆሎ እየጠበሱ ተረት ያወሩልን ነበር። የምወደው የሰላዩን ነበር፤ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ከአንድ ሽማግሌ ሮማንያዊ የሰሙት ነው። ድሮ በሩቅ አገር የባቡርና የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ባለሀብቶቹ የግል መርማሪ ይቀጥሩ ነበር አሉ። መርማሪው የሠራተኛ ልብስ ለብሶ ይገባል፣ ከሁሉ አብልጦ ይጮኻል፣ ጸሐፊ ሆኖ ይመረጣል፣ ከዚያ የሁሉንም ስም ለጌቶቹ ያደርሳል። «አይ ሞኞች!» ብለው ሲስቁ፣ ያኔ እኛም ጢሱ ዓይናችንን እያቃጠለን አብረን እንስቅ ነበር።

በዚያው ዓመት አባቴና የፋብሪካ ባልደረቦቹ ቫዓድ፣ የሠራተኛ ኮሚቴ ማለት ነው፣ ለማቋቋም እኛ ቤት ይሰበሰቡ ጀመር። አለቃው ከሰማ እንጀራቸው እንደሚቋረጥ ያውቃሉ። ስለዚህ ወርቁ የሚባል አዲስ ሠራተኛ ወደ ስብሰባው ሲገባ ወሬው ቀጥ አለ። አብረው የተቀመጡት አባባ ተሻለ ግን እንደ ወጋችን «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ዘር ያስቆጥሩት ጀመር። ሳይደናቀፍ ሰባት ቤት ቆጠረ፤ አምስተኛው ላይ ከአባቴ ዘር ጋር ገጠመ።

«በሉ፣ ዘመድ ነው! ቦታ ልቀቁለት» አሉ አባባ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቀው? ከሁሉ አብልጦ ይጮኽ የነበረው እሱ ነው። ወር ሳይሞላ አለቃው አባቴንና ስድስት ጓደኞቹን ጠርቶ፣ ሳሎናችን ውስጥ የተባለውን ሁሉ፣ የእናቴን ቀልድ ሳይቀር፣ ከወረቀት አነበበላቸው። ሁሉም ተባረሩ። ወርቁን የላከው የግል መርማሪ ቢሮ መሆኑን የሰማነው ቆይተን ነው። ዘመድነቱ ግን ውሸት አልነበረም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

«ስተርት ኖሬ፣ በገዛ እጄ አስገባሁት» አሉ አባባ ተሻለ ለአባቴ። ተረት ማውራትም ተዉ። አባቴ የአውቶቡስ መናኸሪያውን፣ ታሃና መርካዚትን፣ ሲጠርግ አረጀ።

አባባ ሲሞቱ ወርቁ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አባቴ ትክ ብሎ አየው፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው።

«ምን ላድርገው? ዘመድ ነው» አለኝ ቤት ስንገባ። ያኔ በጣም ተናደድኩበት።

ዛሬ እኔም ሆስፒታል አጸዳለሁ፤ ወገቤም ልቤም ደክሟል። ቫዓድ ግቢ ሲሉኝ አለቃዬን አልፈራም። የምፈራው በአማርኛ «እህቴ፣ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ» የምትለኝን ሴት ነው። ምንም አላደረገችኝም፤ ምስኪን እንደ እኔ መጥረጊያ ይዛ የምትውል ናት። እኔ ግን ደክሞኛል ብዬ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ።