የዓሣ ሰዎቹ ሰባት ቤት

ልጄ ጠጠሮቿን የምታስቀምጠው በአንዲት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነው። ማሰሮዋ ከጭብጥ አትበልጥም፤ አፏ በአንድ በኩል ተሸርፏል። ጠጠሮቹን ዳይስ ይሏቸዋል፤ ብዙ ገጽ አላቸው፣ በየገጻቸውም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ጨዋታው ሲጀመር ማሰሮዋን ጠረጴዛ ላይ ትገለብጣታለች፤ ሲያልቅ መልሳ ትሰበስብባታለች። እኔ ያቺን ማሰሮ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞር ነበር። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ልንገራችሁ፤ ለእኔም እስኪገባኝ ጊዜ ወስዶብኛል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከጓደኞቿ ተምራው ነው ወደ መቱ ይዛው የመጣችው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ ታሪኩ ውስጥ ገብተው ሰው ይሆናሉ። አንዱ አዳኝ ይሆናል፣ አንዱ አስማተኛ። «ምን ታደርጋለህ?» ትለዋለች ልጄ፣ የምትመራው እሷ ናትና። «በሩን እሰብራለሁ» ይላታል። ጠጠር ይጥላል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ በሩ ይሰበራል፤ ትንሽ ከሆነ የራሱ ትከሻ ይሰበራል። ይኸው ነው። እኔ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ መጋዝ የያዝኩ፣ ጣውላ ስሰነጥቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ተረት ግን አውቃለሁ። ይህም መጨረሻው ያልተቆረጠ ተረት ነው ብዬ ተቀበልኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ከልጄ ሌላ ሁለት ናቸው። አንደኛው ባጃጅ ነጂ ነው፤ አፉ አያርፍም። ሁለተኛው ሆስፒታል የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። እሱና ልጄ ይፈላለጋሉ፤ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበም ሹክ ብላኛለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየተጯጯሁ ይጫወታሉ፤ እኔ ጥግ ይዤ እሰማለሁ።

አገሩን የፈጠረችው ልጄ ናት። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አለው፣ ንጉሥ አለው፣ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች አሉት፣ ከገደል የሚወረወር ፏፏቴ አለው። ስሙን ቀየረችው እንጂ የእኛው የሶር ፏፏቴ ነው። ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። ችግር የመጣው የዓሣ ሰዎቹን ያስገባች ጊዜ ነው።

«ከፏፏቴው ሥር ካለው ኩሬ ይወጣሉ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዓይናቸው አይከደንም። አንገታቸው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ አለ።»

«ቆይ ቆይ» አለ ባጃጅ ነጂው። «በጾም ይበላሉ ወይስ አይበሉም? መጀመሪያ እሱን ንገሪን።»

«አንተን ነው የሚበሉህ!»

«እኔ አጥንት ብቻ ነኝ። ሚጥሚጣና ዘይት ይዣለሁ፤ እጠብሳቸዋለሁ።»

ጠጠሩን ጣለ፤ ትልቅ ቁጥር ወጣለት፤ የዓሣ ሰዎቹም ተጠበሱ። ዝምተኛው ልጅ እንኳ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሲሄዱ ልጄ ፊቷ ተጨማዶ ቀረች። «ታሪኩ ውስጥ አልገቡልኝም አባዬ» አለችኝ። «ከውጭ የተጣሉ ይመስላሉ። ይመጣሉ፣ ይገደላሉ፣ ይሳቅባቸዋል።»

«ምን እንዲሆኑልሽ ነው የፈለግሽው?»

«እንዲያስፈሩ።» ከዚያ አስረዳችኝ። የዓሣ ሰዎቹ ብቻቸውን አይደሉም። ከኩሬው ሥር፣ ከተራሮቹ በፊት የነበረ አንድ ነገር ተኝቷል፤ እነሱ የሚያመልኩት እሱን ነው።

«ክፉ ነው?»

«ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ክፉ ቢያንስ ያይሃል። እሱ ግን መኖርህን አያውቅም። ፊቱ ቆመህ ብትጮህ እንኳ አያውቅም። የሚያስፈራው ይህ ነው።»

ይህን ስትል ማሰሮዋ እጇ ላይ ነበረች። ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ፊቷ በርቶ ጠበቀቻቸው። «አሁን ገቡልኝ» አለች። የዓሣ ሰዎቹ ከእንግዲህ ከውሃ ወጥተው አይዋጉም። ከከተማው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ይኖራሉ። ሰው ይመስላሉ። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ፣ በገበያ ቀን ተሸክመው ይመጣሉ። ሰው ዕቃቸውን ይገዛል፤ ቤት ግን አያስገባቸውም። በአንድ ቅል አብሯቸው አይጠጣም። ደማቸው በጋብቻ ወደ ሌላው ቤት ይገባል። ልጁ እንደ ማንም ልጅ ያድጋል፤ አንድ ቀን ግን ዓይኑ አልከደን ይለዋል፤ ኩሬው በሕልሙ ይጠራዋል።

«ለዚህ ነው» አለች፣ «በዚህ አገር ጋብቻ ሲመጣ ሰባት ቤት የሚቆጠረው።»

ባጃጅ ነጂው ቀልድ ፈልጎ አጣ። ዝምተኛው ልጅ ወደ ፊት ጠጋ አለ። ልጄ ደስ አላት፤ ተሳክቶላታል። ከጎረቤት እትዬ የሰማችውን የድሮ ወሬ ከኩሬው ነገር ጋር ፈትላ ያወጣችው ነው። ክፋት አልነበረባትም። ማንን እየሳለች እንደሆነ አላወቀችም።

እናቴን ነበር የምትስለው።

የእናቴ ወገኖች ከኡካ ከተማ ወዲያ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ዘመዶቹን አስቀይሞ ወሰዳትና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ያን ጊዜ ከሸክላ ሠሪ ጋር አብሮ ማዕድ የሚቀርብ ሰው አልነበረም። ዓይናቸው ይበላል ይባላል፤ የማይበላ ይበላሉ ይባላል። ጎልምሼ መጋዝ ይዤ ወደ መቱ ስመጣ «እናትህስ?» ላለኝ ሁሉ «ሞታለች» አልኩ። እንዲህ በል ያለችኝ እሷ ራሷ ናት። ሚስት ሳገባም በአባቴ በኩል ብቻ ቆጠርኩ። ለሚስቴ እውነቱን ነገርኳት፤ ለሌላ ለማንም አልነገርኩም።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ልጆች በኦሮምኛ መማር ጀመሩ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው ተባለ፤ በትምህርት ቤትም፣ በስብሰባም። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ ግን ያው ይቆጥራል። ልጄ በተወለደች ጊዜ እናቴ ሸክላዋን አዝላ መጣችና ደጃችን ላይ አወረደች። ሮጬ ወጣሁ፤ ላስገባት ክንዷን ያዝኩ። ቀስ ብላ እጄን አላቀቀች።

«ተው ልጄ» አለችኝ። «እኔ ከገባሁ ይቺ ልጅ ነገ ማን ያገባታል? ደጁ ይበቃኛል።»

እኔም ተውኩ።

ከዚያ በኋላ ገበያ ሲሆን እየመጣች ደጅ ትቀመጥ ነበር። ሚስቴ የማያስፈልገንን ማሰሮ ትገዛታለች፤ ቤታችን በሸክላ ሞላ። ጎረቤት «ምን ልትቀቅሉበት ነው ይህን ሁሉ?» እያለ ይስቃል። «ቢሻን» ስትል ውሃ እናወጣላታለን፤ የምትጠጣበትን ቅል ግን ራሷ ይዛ ትመጣለች፣ ማንም እንዳይቸገር። ልጄ «አኮ! አኮ!» እያለች ትሮጥላታለች። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እዚህ ግን አሮጊት ሁሉ አኮ ናት፤ ማንም ልብ አላለውም። እናቴ እጇን ወደ ሕፃኗ ትዘረጋና፣ ሰው ያለፈ እንደሆነ ትሰበስበዋለች። አንድ ቀን ያቺን ትንሽ ማሰሮ ሠርታ አመጣችላት። «ለአሻንጉሊትሽ ወጥ ሥሪበት» አለቻት። ልጄ በደስታ ስትዘል እዚያው ድንጋይ ላይ ጣለቻትና አፏ ተሸረፈ። እናቴ «አልተሰበረችም፣ አታልቅሺ» እያለች በቀሚሷ ጠረገችላት።

በኋላ ገበያ ሆነና አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ወደ ኡካ ስሄድ ቀብረዋታል። ለጎረቤት «ግንድ ልሰነጥቅ ሄጄ ነው» አልኩ። ልጄ አንድ ሁለት ጊዜ «ያቺ አኮ የት ሄደች?» ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ ልጅ አይደለች፣ ረሳች። ሚስቴም ይህንኑ በልቧ ይዛ አረፈች።

እንግዲህ ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። በልጄ ታሪክ ውስጥ አንዲት ሙሽራ አለች፤ የዓሣ ሰው ደም እንዳለባት ይጠረጠራል። ሰባት ቤቷን የሚቆጥር ሽማግሌ ጠፋ።

«ጋሼ እያሉልን?» አለ ባጃጅ ነጂው። «እኔ የራሴን ሦስት ቤት ስቆጥር ነዳጅ አልቆብኛል።»

«አባዬ፣ እባክህ ቁጠርልን» አለች ልጄ።

ወንበሬን ስቤ ተጠጋሁ። ፈጥሬ ልቆጥር እችል ነበር፤ ተረት አይደለም እንዴ? ግን ዝምተኛው ልጅ ትክ ብሎ ያየኛል፤ ነገ በእውነት የሚያስቆጥረኝ እሱ ነው። በአባቴ በኩል ያለውን ለሙሽራዋ ሰጠኋት፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልኩ እስከ ሰባት ወረድኩ። ንጹሕ ሆነ።

«በአባቷ እናት በኩልስ?» አለ ባጃጅ ነጂው።

«የአባቷ እናት ሸክላ ሠሪ ናት» አልኩ።

«በጣም ጥሩ!» አለች ልጄ፣ ዓይኗ እያበራ። «ቀጥል አባዬ።»

«በገበያ ቀን ትመጣለች። ቤት አትገባም። የምትጠጣበትን ቅል ይዛ ነው የምትመጣው። የልጅ ልጇ ‹አኮ› ትላታለች፤ አያቷ መሆኗን ግን አታውቅም። አንድ ቀን ትንሽ ማሰሮ ሠርታ ሰጠቻት። ልጅቷ ድንጋይ ላይ ጣለቻትና አፏ ተሸረፈ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ልጄ ማሰሮዋን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«አባዬ፣ ይህ ጨዋታው ነው?»

«አይደለም ልጄ።»

ባጃጅ ነጂው ብድግ አለ። «እኛ እንውጣ ጋሼ፣ የቤተሰብ ነገር ነው…» ዝምተኛው ልጅ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። «ዝናብ ነው፣ ተቀመጥ» አለው።

ልጄ ስለ ደሙ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ በዚያ ትደነግጣለች ብዬ ነበር ዘመኔን ሁሉ የፈራሁት። እሷ ያለችው ሌላ ነው። «እኛ ውስጥ ሆነን እሷ ደጅ?»

«እሷ ናት እንቢ ያለችው።»

«አንተስ ደግመህ አልያዝካትም?»

አልያዝኳትም። አንዴ ክንዷን ይዣለሁ፣ አንዴ አላቅቃኛለች፣ ከዚያ ወዲያ ለምጄዋለሁ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

«ታውቀኝ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«እሷማ ታውቅሻለች።»

«ፊቴ ተቀምጣ፣ እኔ ነኛ ያላወቅኳት» አለችና ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ማሰሮዋ መለሰች። ከኩሬው ሥር ስለተኛው ነገር የነገረችኝ ትዝ አለኝ። እሷም ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ የዚያን ቀን ጨዋታው እዚያ ላይ አበቃ።

ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ መጡ። ቆጠርኩ። በእናቴም በኩል፣ እስከማውቀው፣ ድምፄን ሳልቀንስ ቆጠርኩ። አንደኛው ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንመካከርበት» ብለው ሄዱ፤ ክረምቱን ሙሉ ድምፃቸው ጠፋ። ዝምተኛው ልጅ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር በዝናቡ በስብሶ ይመጣል። «እነሱ ይምከሩ፤ እኔ መክሬ ጨርሻለሁ» አለኝ አንድ ቀን። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ ስለ ድግሱ አወሩ፣ ስለ ሸክላ አላነሡም። ተጋቡ።

ይቺው ናት። ያ ሁሉ ፍርሃት ሲቆጠር ለካ አንድ ክረምት ብቻ ኖሯል። ለአንድ ክረምት ብለን ነው እናቴን ያን ያህል ዘመን ደጅ ያስቀመጥናት። ምናልባት በዚያ ጊዜ ቢሆን ይብስ ነበር፤ ሰው ይርቀን ነበር ይሆናል። አላውቅም። ሞክረን አላየነውም። የሚቆጨኝ ይኸው ነው፤ ሞክሬ ተዋርጄ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የማወራው ይኖረኝ ነበር።

ልጄ የዓሣ ሰዎቹን ከታሪኳ ታወጣቸዋለች ብዬ ነበር። አላወጣቻቸውም። አሁንም ወንዙ ዳር ይኖራሉ፤ ከኩሬው ሥር ያለውም እንደተኛ ነው። ባጃጅ ነጂው ዓመሉ ተመልሶለታል፤ «ለካስ ጋሼ በዝናብ ጃንጥላ የማይዙት የዓሣ ዘር ኖሮብዎት ነው!» ይለኛል፣ እኔም እስቃለሁ። ለእኔም በጨዋታው ቦታ ሰጥተውኛል። ሸክላ የምትሸጠው አሮጊት እኔ ነኝ። ልጄ ደግሞ እንደ ቤቱ ልጅ ሆና ወደ ደጅ ትወጣልኛለች።

«ይግቡ እንጂ አኮ።»

«ደጁ ይበቃኛል» እላለሁ፣ እናቴ እንዳለችው።

«አይበቃም» ትላለች፣ ክንዴን ትይዛለች፣ አትለቀኝም። እገባለሁ። ታስቀምጠኛለች፤ ከዚያ ትጠይቀኛለች። ጭቃውን ከየት ነው የሚያመጡት? በመንገድ ማን ቤት ነው የሚያድሩት? የማውቀውን እመልሳለሁ። ባለፈው እሑድ ግን እንዲህ አለችኝ፦

«አኮ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመው ሲመጡ ምን እያሰቡ ነው?»

መንገዱን አውቀዋለሁ። ጭነቷንም አውቀዋለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ማሰሮዋን ወደ እኔ ሳብኩና፣ መልሱን ልሞክር ብዬ አንዱን ጠጠር ጣልኩ።