በሸምሱ እናት ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ እጅ

ጠዋት ከዳምቦያ ተደውሎ «ሸምሱ አረፈ» ሲሉኝ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ሐሙስ ዕለት እኮ ነው ያወራነው። ትንሽ ወገቤን አመመኝ እንጂ ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር። ደግሜ ስደውል የሚያለቅስ ሰው አነሳው፤ ሌላ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ለማታውቁት፣ ሸምሱ ሆሳዕና መናኸሪያው ጀርባ በነበረው የዲዛይን ቤት ባልደረባዬ ነበር። ቤት ሊሠራ ላሰበ ሰው ቤቱን ገና ሳይጀምረው በኮምፒውተር እናሳየው ነበር። ሚሌኒየሙ እንዳለፈ ሰሞን ነው፣ ሰው ሁሉ ፎቅ ያማረው ጊዜ። ለሁለታችን አንድ ኮምፒውተር፤ መብራት ካለ እሱ ከጠዋት፣ እኔ ከሰዓት።

ፎቶሾፕ ያስተማረኝ እሱ ነው። በስሪዲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ቅርፅ ተሰጥቶት የሚሠራ ግድግዳ ልሙጥ ስለሚሆን ሁለት ምስል እናለብሰዋለን። አንዱ የእውነተኛ ግድግዳ ፎቶ ነው፣ ቴክስቸር የምንለው። ሌላው ባምፕ ማፕ ነው፤ ከዚያው ፎቶ የሚወጣ ጥቁርና ነጭ ምስል፣ ነጩ ያበጠ፣ ጥቁሩ የጎደጎደ የሚያስመስል። ሁለቱ ካልገጠሙ ስንጥቁ አንድ ቦታ፣ ጉድጓዱ ሌላ ቦታ ይሆናል። ሸምሱ ባምፑን በሌየር፣ አንዱን ምስል በሌላው ላይ እንደ መደረብ፣ ከፎቶው በላይ ያደርግና የታችኛው እንዲታየው ያሳሳዋል። ከዚያ በኪቦርዱ ቀስት ቅንጣት ቅንጣት እየገፋ ያጋጥመዋል፣ ምሳው እየቀዘቀዘ።

«ሌየሮቹን አታዋህጃቸው፣ መመለሻ ይኑርሽ» ይለኝ ነበር በቀን አሥሬ። አቦ ሰማሁ እለዋለሁ። መስማቱንስ ሰምቻለሁ።

እናቱ በሞቱ በዓመቱ ዳምቦያ ያለው የጭቃ ቤታቸው ለመንገድ ሊፈርስ ሆነ። ግድግዳውን በእጃቸው የመረጉት እሳቸው ናቸው፤ የጣታቸው መስመር ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ሸምሱ ካሜራ ተውሶ ሄደና የጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ጠብቆ አነሳው። ቤቱን እንዳለ በኮምፒውተር ሊሠራው አስቦ ነበር። ባምፑን አውጥቶ አስቀመጠና ሥራ ሲበዛበት ለጊዜው ተወው።

በዚህ መሀል አንድ ደንበኛ ለባህል ምግብ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ፈለገ። ሸምሱ አልነበረም፣ እኔም የእናቱን ፎቶ ከፈትኩ። በሩ አጠገብ፣ ወደ ታች፣ ያረጀና የጠቆረ ቦታ ነበረው፤ ለደንበኛ አያምርም። ከላይ ከግድግዳው ቁራጭ ቀዳሁ፣ አሳነስኩት፣ ዘመም አድርጌ ለጠፍኩበት። ሌየሮቹን አዋሃድኩ። በሌላ ስም ማስቀመጥ ሲገባኝ በዚያው ላይ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት።

ከወራት በኋላ ሸምሱ ሥራውን ቀጠለ። ሁሉም ሲገጥም ያቺ ቦታ ብቻ እምቢ አለች። ሦስት ቀን ባምፑን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ሲገፋ አየሁት። በአራተኛው ቀን ወንበሩን ወደኋላ አደረገ።

«እዚህ ጋ የመረገው ሌላ ሰው ነው» አለኝ። «ጣቱ ትንንሽ ነው። ልጅ ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ የእናቱን ጣት አሳንሼ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ፎቶው ሌላ ቅጂ የለውም፣ ቤቱም ፈርሷል፤ ፈራሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ዳምቦያ ሄዶ አባቱን ጠየቃቸው። ምስሉን አላሳያቸውም፤ ምርጊቱን ከእናቴ ጋር ማን ይመርግ ነበር ብቻ ነው ያላቸው። በከምባትኛ የመለሱለትን ሰኞ መጥቶ በአማርኛ ነገረኝ። ከሱ በፊት ዘይነባ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። በስድስት ዓመቷ በኩፍኝ ሞተች፣ እናቱም ስሟ እንዳይነሳ አባቱን አስምለዋቸው ኖሩ። ከእናቷ ጋር በሩ አጠገብ እጇ እስከሚደርስ ትመርግ ነበር። እናቱ ግድግዳውን ስንቴ ሲያድሱ ያቺን ቦታ ደግመው አልነኳትም፣ እስክትጠቁር ድረስ።

እኔ ለደንበኛ አያምርም ያልኩት ያቺን ቦታ ነው።

ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ ከዚያ ወዲያማ ጨርሶ ዝም አልኩ። ሸምሱ ምስሉን ትልቅ አድርጎ አሳትሞ አባቱ አዲስ ቤት ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺን ቦታ እየዳሰሰ «እህቴ ናት» ይላል። አጠገቡ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። የሚዳስሰው እኔ የለጠፍኩትን ቁራጭ ነበር። በየሄድኩበት የጭቃ ግድግዳ ሳይ ዞሬ በሩ አጠገብ ታች የማየው ለዚህ ነው።

ዛሬ ከስልኩ በኋላ የዚያን ጊዜ ሥራችን ያለበትን አሮጌ ሲዲ ፈልጌ ባምፑን ለብቻው ከፈትኩ። እሱን አልነካሁትም ነበር። በሩ አጠገብ፣ ታች፣ አራት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። የኔ ቁራጭ የዘመመ ነው፤ እነሱ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። እስካሁን አልዘጋሁትም።

ሸምሱ፣ አንተ አልተሳሳትክም። እውነተኛዋ ባምፑ ላይ ነበረች፣ ሦስት ቀን በጣትህ ስትገፋት የነበረችው እሷ ናት። ያልገጠመው የኔ ነው። አንድ ቃል ብናገር ታያት ነበር።

ደህና ሁን ወንድሜ። አላህ ካገናኛችሁ መጀመሪያ እጇን እያት። እኔ የከለከልኩህ እሱን ነው።