ዱባው ጠቁሯል

አክስቴ ስልክ ሲደውሉ ሰላምታቸው ማለቂያ አልነበረውም፤ ጎረቤቱም ከብቱም ሳይቀር ይጠየቃል። በዓመት አንድ ቀን ግን ሰላምታ የለም። ከመስቀል በኋላ በአንዱ ማለዳ ይደውሉና «ዱባው ጠቁሯል፤ ትከይ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል።

እሳቸው ከወልዲያ በላይ ደጋው ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ እኔ ታች መርሳ ነኝ። እኛ ዘንድ ውርጭ የለም። የሳቸውን ጓሮ ውርጭ መትቶት የዱባው ቅጠል ሲጠቁር ግን የኛም መሬት በረድ ብሎ ለነጭ ሽንኩርት ደርሷል ማለት ነው። ባሌ ቀደም ብለን እንትከል ካለ «ደጋው ሳይፈቅድ? ሙቀቱ ይፍጀው!» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ተከሉ። የኛ ዘር ተፈልፍሎ ቁና ውስጥ ተቀመጠ። ባሌ «ምን እየጠበቅሽ ነው?» ሲለኝ ስልኬን አየሁ።

ለአክስቴ ተዝካር ወደ ደጋው ወጣሁ። እንግዳው ሄዶ በማግስቱ ማለዳ ወደ ጓሮ ብወጣ ዱባው ከሰል መስሏል። ለባሌ ደወልኩ። ሰላም እንኳ ሳልለው «ዱባው ጠቁሯል፤ ትከል!» አልኩና ዘጋሁት።

ጓሮው ጭር አለ። ለካ እሳቸው በየዓመቱ ስልኩን ዘግተው የሚመለሱት ወደዚህ ጭርታ ነበር።